«የሞቃት አገር እንስሳ ስለሆነ ለድሬ ይስማማል» ስለተባለው ቶኬይ ጌኮ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከቀፊራ ገበያ ብዙም በማይርቅ ግቢ ነው። የ12 ዓመት ልጄ ከበረንዳችን ግድግዳ ላይ አንዲት እንሽላሊት ይዞ በሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ካስቀመጣት 4 ቀን ሆኗታል። ስትያዝ ጅራቷ ተቆርጧል፤ የሚሰጣትን ዳቦና ሩዝም አትነካም። ጎረቤቶቼ መርዝ አላት፣ የነካችው ምግብ ይገድላል ይላሉ። አጎቱ ደግሞ ከውጭ አገር ሲመጣ ሰማያዊ መልክና ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለው፣ ቶኬይ የሚባል ትልቅ ጌኮ ሊያመጣለት ቃል ገብቷል። የሞቃት አገር እንስሳ ስለሆነ ለድሬ ይስማማል፣ ካስፈለገም በብዙ ገንዘብ ይሸጣል ብሎናል። እውነት ነው? ምን ባደርግ ይሻላል?»

ምላሽ፦ በጠርሙሱ እጀምራለሁ፤ ጊዜ የማይሰጠው እሱ ነውና። እንሽላሊቷ ዛሬ ማታ፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ፣ በተያዘችበት ግድግዳ ሥር ትለቀቅ። ዳቦውንና ሩዙን ያልነካችው ምግቧ ስላልሆነ ነው። የግድግዳ እንሽላሊት በሕይወት ያለና የሚንቀሳቀስ ነገር ካላየች አፏን አትከፍትም፤ የምትበላው ትንኝ፣ የእሳት ራት፣ ምስጥ፣ ሸረሪትና ትንሽ በረሮ ነው። እነዚህንም ቢሰጧት ላትበላ ትችላለች፤ ከዱር የተያዘ እንስሳ ጠባብ ቦታ ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መብላት ማቆሙ የተለመደ ነው። ከረሃቧ ይልቅ የሚያሰጋኝ ግን ጥሟ ነው። እነዚህ እንስሳት በግድግዳና በቅጠል ላይ የተንጠለጠለ ጠብታ እየላሱ የሚኖሩ ናቸው፤ የተዘጋ ጠርሙስ ደግሞ የድሬን የቀትር ሙቀት አምቆ ይይዛል፤ ፀሐይ ያረፈበት እንደሆነም በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላታል። እስኪመሽ ድረስ ጠርሙሱ ከቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ ይቀመጥ፤ ክዳኑ ተነሥቶ አፉ በሻሽ ይታሰር፤ በውስጠኛው ጎኑ ላይ ሁለት ሦስት የውኃ ጠብታ ይደረግላት፤ ውኃ ግን አይፍሰስባት። ሲመሽ ሻሹን ፈትታችሁ ጠርሙሱን በግድግዳው ስንጥቅ አጠገብ በጎኑ አጋድማችሁ ተዉት፤ ራሷ ትወጣለች። ቆዳዋ ስስና በቀላሉ የሚላጥ ስለሆነ ልጅዎ በእጁ ሊያወጣት አይሞክር።

ጅራቷን ልጅዎ ቆርጦባት አይደለም፤ ራሷ ናት የጣለችው። ከጅራቷ አጥንቶች ብዙዎቹ ወገባቸው ላይ ለመሰበር የተዘጋጀ ስስ መስመር አላቸው፤ ጠላት ሲይዛት በዙሪያው ያለው ጡንቻ ይኮማተርና ጅራቱ በዚያ መስመር ላይ ይላቀቃል፤ የደም ሥሮቹም ወዲያው ስለሚጠብቡ የሚፈሰው ደም ጥቂት ነው። የወደቀው ጅራት ለጥቂት ደቂቃዎች ይወራጫል፤ ድመቷ ከጅራቱ ጋር ስትታገል እንሽላሊቷ ታመልጣለች። ይህ ማምለጫ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ለክፉ ቀን ያጠራቀመችው ስብ በአብዛኛው የሚቀመጠው ጅራቷ ውስጥ ነውና። ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ጅራት ታበቅላለች፤ አዲሱ ጅራት ግን ከመጀመሪያው ያጠረና መልኩም የተለየ ይሆናል፤ ውስጡም በአጥንት ፈንታ እንደ ጆሯችን ባለ ልም አጥንት የተሞላ ነው። ቁስሉ ላይ አልኮልም፣ ቅባትም፣ የቤት መድኃኒትም እንዳታደርጉ። በራሱ ይደርቃል።

መርዝ አላት የሚባለው ስሕተት ነው። እሷ ከጌኮ ወገን ናት፤ ከዚህ ወገን ደግሞ መርዛማ የሆነ አንድም አይታወቅም። ንክሻቸው በመርዝ ሰውን እንደሚጎዳ በሚገባ የታወቁት እንሽላሊቶች ሄሎደርማ የሚባሉት የአሜሪካ እንስሳት ናቸው፤ እነሱም ከጌኮ ጋር ዝምድናቸው የራቀ፣ በእኛ አህጉርም የሌሉ ናቸው። የጎረቤቶችዎ ፍርሃት ግን ከባዶ ሜዳ የተነሣ አይደለም። እንደ ሌሎቹ በደረታቸው የሚሳቡ እንስሳት ሁሉ እንሽላሊትም በአንጀቷ ውስጥ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች፤ እሷን ሳያሳምማት ሰውን ግን በተቅማጥ፣ በትኩሳትና በትውከት የሚጥል ነው፤ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአረጋውያን ደግሞ የከፋ ነው። ስለዚህ ክዳን ሳይደረግበት ያደረ ወተት ውስጥ ወድቃ ብትገኝ ወተቱ ይደፋ፤ የሚደፋው ስለተበከለ ነው እንጂ መርዝ ስላለበት አይደለም። ልጅዎም እሷንም ጠርሙሱንም በነካ ቁጥር እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ጠርሙሱም ተመልሶ ለመጠጥ ውኃ እንዳይውል ጨፍልቃችሁ ጣሉት። በመደርደሪያ ላይ የምታገኙት ጥቁር ፍግ የአይጥ ይሁን የእሷ መለየት ከፈለጋችሁ ጫፉን ተመልከቱ፤ የእንሽላሊት ፍግ ጫፉ ላይ ነጭ ነገር ይኖረዋል፤ እሱ ደርቆ የወጣ ሽንቷ ነው።

አሁን ወደ አጎቱ ስጦታ ልምጣ። በእኛ አነጋገር እንሽላሊት የሚለው ስም በጓሮ ድንጋይ ላይ ፀሐይ የምትሞቀውንም፣ በሣር ውስጥ ሽው የምትለውንም፣ በግድግዳ ላይ የምትለጠፈውንም አንድ ላይ ይጠራል። ጌኮ የሚባለው ከእነዚህ አንዱ ወገን ብቻ ነው፤ አብዛኞቹ በሌሊት የሚንቀሳቀሱ፣ ዐይናቸው ቆብ የሌለውና በምላሳቸው እየላሱ የሚያጸዱት፣ ብዙዎቹም በጣታቸው ሥር ባለ ንጣፍ በለስላሳ ግድግዳ ላይ መውጣት የሚችሉ ናቸው። የእርስዎ የበረንዳ እንሽላሊት ጌኮ ናት። እርስዎ ቤት ያለችውን ሳላይ የዝርያዋን ስም በእርግጠኝነት ባልናገርም፣ በድሬዳዋና በሐረር ቤቶች ግድግዳ ላይ ዘወትር የምናያቸው ሄሚዳክቲለስ ከሚባለው፣ በዓለም ላይ ከ150 በላይ ዝርያ ካለው ወገን ናቸው፤ የአፍሪካ ቀንድም ይህ ወገን ከበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ስለዚህ አጎቱ ከባሕር ማዶ ሊያመጣው ያሰበው የእንስሳ ወገን በእርስዎ ግድግዳ ላይ ከቤቱ ዕድሜ ጋር የኖረ ነው።

ቶኬይ ግን ሌላ ነው። ከሰሜን ምሥራቅ ህንድ፣ ከኔፓልና ከባንግላዴሽ ተነሥቶ በምያንማር፣ በታይላንድ፣ በቬትናምና በደቡብ ቻይና በኩል እስከ ኢንዶኔዥያና ፊሊፒንስ ደሴቶች ድረስ የሚገኝ ነው። ስሙን ያገኘው ከጩኸቱ ነው፤ ወንዱ በሌሊት «ቶ-ኬይ፣ ቶ-ኬይ» እያለ ደጋግሞ ይጮኻል። ጌኮ የሚለው ቃል ራሱ የእንስሳውን ጩኸት ከሚያስመስል የማላይ ቃል የመጣ ሲሆን፣ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ከመዘገበው ስሙ የተነሣ ዛሬ ሳይንሳዊ መጠሪያው ጌኮ ጌኮ ሆኗል። የእኛዋ የግድግዳ እንሽላሊት ጅራቷ ተጨምሮ ከአንድ ስንዝር የማትበልጥ ስትሆን፣ ወንዱ ቶኬይ እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ራሱ ሰፊ፣ መንጋጋው ብርቱ ነው። መልኩ አመድማ ሰማያዊ ሆኖ በላዩ ላይ ብርቱካናማና ቀይ ነጠብጣብ ተበትኖበታል። በዱር የሚኖረው በዛፍ ሽንቁርና በዐለት ስንጥቅ ነው፤ ወደ ሰው ቤት ጣራም ይገባል፤ በአንዳንድ አካባቢ ነዋሪዎቹ የጩኸቱን ብዛት እየቆጠሩ ዕድላቸውን ይገምቱበታል። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ትጥላለች፤ ሲወጣ ለስላሳ የነበረው ቅርፊት ከግንዱ ወይም ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ይደርቃል፤ ወላጆቹም አጠገቡ ሆነው ይጠብቁታል። በደረታቸው ከሚሳቡ እንስሳት አብዛኞቹ እንቁላላቸውን ጥለው ስለሚሄዱ፣ ይህ የቶኬይ ጠባይ ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ነው።

ነገሩን ሁሉ ያሳሳተው «የሞቃት አገር እንስሳ» የሚለው አነጋገር ነው። የቶኬይ አገር የሚሞቀው እርጥብ ሆኖ ነው። አብዛኛው የሚኖርበት ምድር በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል፤ ቀንና ሌሊቱም በሙቀት ብዙ አይራራቁም፤ ፀሐዩ በቅጠል ተከልሎ አየሩ ውኃ ያዘለ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ዝናቡም በበልግና በክረምት መጥቶ ይሄዳል፤ የደቻቱን ወንዝ ራሱን ብትመለከቱት ከዓመቱ አብዛኛውን አሸዋ ነው። በግንቦትና በሰኔ የቀትሩ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ቆርቆሮ ጣራ ሥር የተቀመጠ የመስታወት ሳጥን ከዚያም በላይ ይግላል። ቶኬይ በቀን ከ26 እስከ 32 ዲግሪ፣ በሌሊት ከ20 ዲግሪ የማይወርድ ሙቀትና ከ60 እስከ 80 በመቶ የሚሆን የአየር እርጥበት ይፈልጋል። ስለዚህ ድሬ ላይ የሚያስቸግረው ማሞቁ ሳይሆን ማቀዝቀዙና አየሩን ማርጠቡ ነው። ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ችግሩ ይገለበጣል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷ ያለ ማሞቂያ አያሳድረውም፣ መብራት በጠፋ ቁጥርም እንስሳው አደጋ ላይ ይወድቃል።

አየሩ ሲደርቅ በእንስሳው ላይ ምን እንደሚደርስ በዐይኔ ያየሁትን ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት ከዚራ አካባቢ ባለ አንድ ቤት በመስታወት ሳጥን የተቀመጠ ቶኬይ እንዳይ ተጠርቼ ነበር። ባለቤቶቹ ይወዱታል፤ ምግቡን አላጓደሉበትም፤ የጠሩኝ ከመስታወቱ ላይ እየተንሸራተተ ስለሚወድቅ ነበር። እግሩን በባትሪ ብርሃን ስመለከተው አሮጌው ቆዳ ሳይላቀቅ በጣቶቹ ላይ እንደ ክር ቀለበት ተጠምጥሞ ቀርቷል። ጌኮ ቆዳውን በየጊዜው ገፎ ራሱ ይበላዋል፤ በቂ እርጥበት ከሌለ ግን በጣቶቹና በጅራቱ ጫፍ ላይ ያለው ሳይገፈፍ ይቀርና እየደረቀ ደም እንዳያልፍ ያንቃል። የዚያ እንስሳ ሦስት ጣቶች ጠቁረው ሞተው ነበር። የቀረውን ቆዳ ለብ ባለ ውኃ በራሰ ጨርቅ አለሳልሰን አነሣንለት፤ የሞቱት ጣቶች ግን አልተመለሱም፤ ጅራት ይበቅላል እንጂ ጣት አይበቅልምና። እነዚያ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። የተነገራቸው «ሙቀት ይወዳል» የሚል ብቻ ነበር።

የሚያስፈልገው ነገር በዚህ አያበቃም። አንድ ቶኬይ ቢያንስ 60 በ45 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 60 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ የሚወጣበት ግንድና የሚደበቅበት ቅርፊት የተደረገበት፣ ጠዋትና ማታ ውኃ የሚረጭበት፣ አየር ግን የማይታፈንበት ሳጥን ይፈልጋል። ሁለት ወንዶች አንድ ላይ ከተቀመጡ እስከ ሞት ይነካከሳሉ። በየሁለት ቀኑ በሕይወት ያለ ነፍሳት መመገብ አለበት፤ እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ፍሊት ከሚነፋበት ወይም ለወባ መከላከያ ኬሚካል ከተረጨ ቤት የተያዘ በረሮ ለእንስሳው መርዝ ነው፤ በድሬዳዋ ያልተረጨበት ቤት የተገኘ በረሮ ማግኘት ደግሞ ቀላል አይደለም። ነፍሳቱ ሲሰጡት የካልሲየም ዱቄት ይነሰነስባቸዋል፤ ያለዚያ አጥንቱ እየለሰለሰ መንጋጋው ይጣመማል፣ እግሩ ይጎብጣል። የድሬ ውኃ ካልሲየም የበዛበት ስለሆነ ይበቃዋል የሚል ሐሳብ ሰምቻለሁ፤ በማንቆርቆሪያችን ላይ የሚቀረው ነጭ ቅርፊት ውኃው ጠንካራ ለመሆኑ ምስክር ቢሆንም፣ ጌኮ ከሚልሰው ጥቂት ጠብታ የሚያገኘው አጥንቱን አያቆምለትም። ሕክምናም አስቡበት። በአካባቢያችን ያሉ የእንስሳት ሐኪሞች የዕለት ሥራቸው በከብት፣ በግመል፣ በፍየልና በዶሮ ላይ ነው፤ ጌኮ አክሞ የሚያውቅ ማግኘት ከባድ ነው።

ጠባዩም ለ12 ዓመት ልጅ የሚመች አይደለም። ቶኬይ ከጌኮዎች ሁሉ በተናካሽነቱ የታወቀ ነው፤ ሲነካ አፉን ከፍቶ ያስፈራራል፤ ካልተዉት ይነክሳል፤ ከነከሰም በቀላሉ አይለቅም። እጅ ላይ የተጣበቀን ቶኬይ መሳብ ቁስሉን ያሰፋል፤ የእንስሳውንም ጥርስና መንጋጋ ይሰብራል። እጅን ዝቅ አድርጎ እግሩ መሬት እንዲነካ መተው፣ እምቢ ካለም ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ማስገባት፣ ሲለቅ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ ማጠብ ነው መፍትሔው። በሌሊት የሚያሰማው ጩኸትም በአጥር ለተለየ ጎረቤት ሳይቀር ይሰማል። ዕድሜው ከ10 ዓመት በላይ ነው፤ በጥሩ አያያዝ ከዚያም ብዙ ይገፋል። ልጅዎ ትምህርቱን ጨርሶ ከቤት ሲወጣ በረሮ የሚያድንለት ሰው እርስዎ ይሆናሉ።

«በብዙ ገንዘብ ይሸጣል» ስለተባለው አጥብቄ የምናገረው ነገር አለኝ። የደረቀ ቶኬይ በቻይና ባህላዊ ሕክምና ለሳልና ለአስም ይሰጣል፤ ለዚህም ሲባል በየዓመቱ እጅግ ብዙ ቶኬይ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ይሰበሰባል። በመካከሉም ኤችአይቪን ይፈውሳል የሚል ወሬ ተነሥቶ ትልልቆቹ በውድ ዋጋ ይፈለጋሉ ተባለ፤ ሰዎች ሥራቸውን ትተው በሌሊት ጫካ ለጫካ ዞሩ። የፊሊፒንስ ጤና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ቶኬይ ኤድስን እንደማያድንና በዚህ ተስፋ እውነተኛውን ሕክምና ማቆም አደገኛ መሆኑን በይፋ አስጠንቅቋል። ቶኬይ ኤችአይቪን እንደሚፈውስ የሚያሳይ አንድም ማስረጃ የለም። በወሬው የተነሣው ዋጋ እንስሳውን ከብዙ መንደሮች ከማራቆት በቀር ያተረፈው ነገር ስለሌለ፣ አጎቱ ይህን ሐሳብ ጨርሶ ቢተው መልካም ነው።

ሕጉም ቢሆን ግልጽ ነው። በመጥፋት አደጋ ላይ ያሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረውና ሳይተስ በሚል ስም የሚታወቀው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2019 ቶኬይን በሁለተኛው አባሪው ውስጥ አስገብቶታል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የዚህ ስምምነት አባል ናት። ስለዚህ አንድ ቶኬይ ድንበር ሲሻገር ቢያንስ ከሚወጣበት አገር የተሰጠ የወጪ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ በዚህ በኩል ደግሞ ጉዳዩን የሚመለከተው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ በአገር ውስጥ የዱር እንስሳት ጉዳይ የሚገዛውም በአዋጅ ነው። በሻንጣ ውስጥ በካልሲ ጠቅልሎ በአውሮፕላንም ይሁን በጅቡቲ በኩል ማምጣት ኮንትሮባንድ ነው፤ ስጦታ መሆኑ ነገሩን አይለውጠውም። ሻጩ «ከእርባታ የተገኘ ነው» ቢልም ያለ ወረቀት አትመኑት፤ በዚህ ስም የሚሸጡ ብዙ ቶኬዮች ከጫካ የተያዙ፣ ጥገኛ ትሎችና ደም መጣጭ ጥቃቅን ተባዮች የያዟቸው እንስሳት መሆናቸው ተደጋግሞ ታይቷል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ማምለጡ ነው። በመስታወት ላይ የሚወጣ እንስሳ ክዳኑ ጣት በሚያህል ክፍተት ከተረሳ ይጠፋል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የሰለቸው ባለቤት ራሱ ይለቀዋል። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ቶኬይ አምልጦና ተለቅቆ መራባቱ የታወቀ ነው። ድሬ ለቶኬይ ደረቅ ናት ብያለሁ፤ ሆኖም የውኃ ማጠራቀሚያ ያለበት፣ ማንጎና ፓፓያ በመስኖ የሚለማበት ጓሮ ለጥቂቶቹ መሸሸጊያ ሊሆን ይችላል። ቶኬይ ደግሞ ከእሱ ያነሱ ጌኮዎችን የሚበላ እንስሳ ነው፤ የመጀመሪያ ምግቡ የሚሆኑት በመብራታችን ዙሪያ የምናያቸው እንሽላሊቶች ናቸው። ከእስያ የመጣ እንግዳ ነፍስ በዚህች ከተማ ምን ሊያደርግ እንደሚችል እኛ ድሬዎች ከማንም ይልቅ እናውቃለን፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ያየነው የወባ ወረርሽኝ ከእስያ ከመጣችውና በውኃ ማጠራቀሚያዎቻችን ውስጥ ከምትራባው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ከተባለች ትንኝ ጋር የተያያዘ ነበር። ጌኮ ትንኝ አይደለም፤ በሽታ ያመጣል ማለቴም አይደለም። ገብቶ ከተራባ በኋላ ማውጣት አለመቻሉን ግን በሁለቱም ላይ አንድ ሆኖ አየዋለሁ።

ስለዚህ ምክሬ አጎቱ ቶኬዩን እንዳያመጣ ነው። ቃል ስለገባ ልጁ ቅር እንዳይለው በምትኩ ጥሩ የእጅ ባትሪና የማጉያ መነጽር ይዞለት ይምጣ። ልጅዎ በጠርሙስ ሊያየው የፈለገው ነገር በበረንዳችሁ መብራት ሥር በየማታው አለ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይቀመጥና አንዲቱን ብቻ ይከተል። በመጀመሪያ ከመብራቱ ጥላ ዳር ትቆማለች፤ የእሳት ራት ስታርፍ ጅራቷን እንደ ድመት ቀስ ብላ ታወዛውዛለች፤ ከዚያ በሁለት እርምጃ ትደርስባትና ክንፏን ከግድግዳው ጋር እየመታች ትውጣታለች፤ ሲያበቃ ዐይኖቿን በምላሷ ትጠርጋለች። በየማታው ስንት እንደመጡ፣ የትኛዋ የትኛዋን እንዳባረረች፣ ጅራተ ቆራጣዋ መቼ እንደተመለሰች በደብተር ይጻፍ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ትንኝ ትበላለች ብላችሁ አጎበሩን እንዳትተዉት። የምትበላው ከሚነክሰን ትንኝ ጥቂቱን ነው።

እግሯን ማየት ከፈለገ የመስኮት መስታወት አለለት። ከውጭ በኩል ስትለጠፍ ከውስጥ ሆኖ በማጉያው ሲያያት በእያንዳንዱ ጣቷ ሥር በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ስስ ንጣፎች ያገኛል። እነዚያ ንጣፎች ዐይን በማያያቸው ፀጉሮች የተሸፈኑ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 ኬለር ኦተም የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የቶኬይን አንድ ፀጉር ለይቶ የመያዝ ጉልበቱን ለካ። በአንድ እግሩ ላይ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ፀጉር አለ፤ የእያንዳንዱም ጫፍ በመቶዎች ይከፋፈላል፤ የሚይዘውም ሙጫ ኖሮት ሳይሆን በጣም የተቀራረቡ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው በሚሳሳቡበት ደካማ ኃይል ነው፤ ደካማው ኃይል በሚሊዮኖች ሲባዛ እንስሳውን ከጣራ ላይ ያንጠለጥለዋል። የበረንዳችሁም እንሽላሊት የምትለጠፈው በዚሁ ዘዴ ነው።

በዚያው መስታወት ላይ አንዳንድ ማታ ሆዷ ሥር፣ በስሱ ቆዳ ውስጥ፣ ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ነጭ እንቁላሎች ይታያሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሆዷ ጎድሎ ካያት ከመስኮቱ በላይ ያለውን ስንጥቅና የመብራት ቆጣሪውን ሣጥን ጀርባ በባትሪ ይመልከት፤ ከሽምብራ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ፣ ቅርፊታቸው ጠንካራ የሆነ እንቁላሎች ሊያገኝ ይችላል። አያንሣቸው፣ አያገላብጣቸውም፤ ያገኘበትን ቀን ይጻፍ። ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሦስት ወር ይቆያሉ፤ እስከዚያ ድረስ እርስዎም በዚያ ጥግ ፍሊት አይንፉ።